በደረቁ ብየዳ

ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ብየዳ ሲደርሰኝ እናቴ ለጎረቤት «ኮምፒውተር ነው የምትማረው» ትል ነበር። ሴት ልጅን ከብረት ጋር ምን አገናኛት! እኔም መጀመሪያ ሰሞን አኩርፌ ነበር። ከሙያው ጋር ያስታረቁኝ አስተማሪያችን ናቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሌላው ክፍል ወደ ቤቱ ሲበተን፣ እሳቸው በብየዳው ዘንግ፣ በኤሌክትሮድ ፈንታ ቀጫጭን እንጨት ያድሉንና በጠመኔ በተሰመረ ብረት ላይ እጃችንን በደረቁ፣ ያለ እሳት ያስኬዱን ነበር። እንስቅባቸው ነበር።

ቶሮንቶ ከመጣሁ በኋላ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ከረምኩ። ሥራውን አልናቅኩትም፤ ግን ወገቤም ልቤም ደክሞ ነበር። አንድ ቀን ሬክስዴል ሰፈር ያለ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ለብየዳ ፈተና ጠራኝ። ካለፍኩ ሙያዬን አገኛለሁ፤ ከወደቅኩ ወደ አንሶላዬ።

የሰጡኝን ሁለት ብረት አጋጠምኩ። ጭንብሌን ሳልደፋ፣ ማሽኑንም ሳላበራ ኤሌክትሮዱን በመጋጠሚያው ላይ ቀስ አድርጌ አስኬድኩት፤ መለስኩት፤ ደግሜ አስኬድኩት። ለካስ የወርክሾፑ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ያየኛል። ማሽን ማስነሳት የማላውቅ መስሎት መጥቶ ማብሪያውን አሳየኝ። ከዚያም በትሕትና፣ ሌላ ጊዜ ተለማምደሽ ብትመጪስ አለኝ። ደሜ ፈላ።

«ፕሊስ፣ አንዴ ብቻ ሞክሬ ልሂድ» አልኩና ጭንብሌን ደፍቼ ለኮስኩት።

እጄ መንገዱን ያውቀው ነበር። ስጨርስ ፎርማኑ ብረቱን አገላብጦ አየና ሰኞ ጀምሪ አለኝ። ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

በማግስቱ ጠዋት ለአስተማሪዬ ደወልኩ። እዚያ ከሰዓት ሆኗል።

«ጋሼ፣ በብየዳ ተቀጠርኩ! መጀመሪያ በደረቁ ሄድኩበት፣ እርስዎ እንዳስተማሩን። እግዜር ይስጥልኝ!»

«ተመስገን ልጄ!» አሉኝ። «ክፍል ውስጥ ነኝ። መብራት ጠፍቶ እንጨት ሰጥቻቸው እየሳቁብኝ ነው። ስፒከር ላይ ላድርግሽና እስቲ አንቺው ንገሪያቸው።»

ከወዲያ የልጆቹ ሳቅ ይሰማኛል፤ የእኛው ሳቅ ነው።

«እህታችሁ ነኝ፣ ከቶሮንቶ» አልኳቸው። «ትናንት ሥራ የያዝኩት በዚያች እንጨት ነው።»

ሳቁ ቆመ። ቀስ እያለ፣ መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሌሎቹም፣ እንጨታቸው ብረቱን ሲፍቅ ተሰማኝ።