አክስቴን የተሸከሙት ሴቶች

ሴቶች ተሰብስበው «አሚን» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ያለው የልጅነት ቤታችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ክረምት ክረምት እናቴ ድንገት ተነሥታ ወዳጃ፣ የጋራ ጸሎት፣ ትጠራ ነበር፤ የሰፈራችን ሴቶች፣ ሙስሊሞቹም ክርስቲያኖቹም፣ አብረው ዱዓ አድርገው ሲያበቁ በሩን ዘግተው ይንሾካሾኩ ነበር። አንዲት ልጅ ሳትፈልግ አርግዛ ሲጨንቃት፣ ሥር ቀቅላ ጠጥታ ሳትሞት የሚደርሱላት እነሱ ነበሩ፤ ደሴ ወደሚያምኑት ሐኪም ወስደው፣ መልሰው አምጥተው ያስታምሟት ነበር። ባሎቻቸው ስለ ዝናብ የሚጸልዩ ይመስላቸው ነበር።

አንድ ዓመት በጋው ሲገባ፣ እኛ ዘንድ ሆና የምትማረው የእናቴ ታናሽ እህት ዘይነባ፣ ለእናቴ እንኳ መናገር አፍራ ያንኑ ሥር ጠጥታ ኖሮ፣ አንድ ጠዋት በደም ተነክራ አገኘናት። እናቴ የሌላ ሰው ልጅ ስታድን የገዛ እህቷ አመለጠቻት፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሴቶቹ በቅሬው፣ በቀብር ማኅበራችን፣ ቃሬዛ ላይ አስተኝተው፣ ሰው እንዳያውቃት ከራስ እስከ እግሯ በጋቢ ሸፍነው፣ ሐይቅ ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ገሰገሱ፤ እኔም ልብሷን ይዤ ከኋላ ከኋላ እሮጥ ነበር።

ያሰቡት ማንም እንዳይጠይቅ ነበር፤ ግን ቃሬዛ ላይ ተሸፍኖ የተኛ ሰው ከሬሳ ሌላ ምን ይባላል? ከገበያ የሚመለሱ ወንዶች «ኢና ሊላሂ» እያሉ ዕቃቸውን መንገድ ዳር ጥለው፣ እንደ አገሩ ወግ ሸክሙን ከሴቶቹ ተቀብለው፣ ወደ መቃብሩ ይዘዋት ታጠፉ። ያኔ ጎረቤታችን እትዬ ፀሐይ ዘላ ፊታቸው ቆመችና «ኧረ አልሞተችም! እህቴ ናት፣ ምጥ ይዟት ነው!» ብላ ጮኸች።

«አብሽሪ እቴ፣ እናደርሳታለን» ብለው፣ ወንዶቹ መንገዱን ቀይረው እየሮጡ አደረሷት።

እትዬ ፀሐይ እህት አልነበራትም። ዘይነባም ዳነች።

እኔ ዛሬ እዚያው ሐይቅ ነርስ ነኝ። ሕጉ ላላ ብሏል፣ መድኃኒቱም አለ፣ ደሴ መሄድም ቀርቷል፤ እነዚያ ሴቶች ግን ገሚሶቹ ሞተው፣ ገሚሶቹ አርጅተው፣ እኔም ብቻዬን ስሮጥ ደክሞኛል። ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ እንደ ዘይነባ ደሟ እየፈሰሰ፣ ብቻዋን በባጃጅ መጣች። ደግፌ አስተኛኋትና፣ «ከቤት ማንን ልጥራልሽ?» አልኳት።

«ማንም የለኝ» አለችኝ፤ የወላጆቿ ቤት ግን ከጤና ጣቢያው ጀርባ ነበር።