በድልድዩ ድንጋይ ጎን ላይ ያለው ስም

ዳንግላ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ግራዝማች መሮና መዶሻ ሰጥተው በአንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ «ሀ»ን እንድቀርጽ አዘዙኝ። ከዚያ በፊት የመቃብር መስቀል ነበር የምሠራው። ስጨርስ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «እጅህ ደህና ነው፤ ነገ ና» አሉኝ።

ሥራችን የመታሰቢያ ድንጋይ ማቆም ነበር። መጀመሪያ ትምህርት የተሰጠበት ቤት፣ ገበያውን ያስተከሉት ሽማግሌ፣ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ድልድይ፣ ሁሉም ድንጋይ ተቆረጠላቸው። ጽሑፉ ከበላይ በታይፕ ተመትቶ ይመጣል። እኔ ድንጋዩን አለዝባለሁ፣ መስመር አሰምራለሁ፣ ፊደሉን በከሰል ነድፌ እቀርጻለሁ።

የድልድዩን ድንጋይ በጋሪ ወስደን ወንዙ ዳር አቆምነው። የመጨረሻውን መስመር ሳጠራ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከዘንገና በኩል ወደ ገበያ ሲሄዱ ቆሙ።

«ልጄ፣ ምን ይላል?»

ድልድዩን የመረቁትን ሹም ስም አነበብኩላቸው።

«የባለቤቴስ ስም?»

«የለም፣ እናቴ።»

ወደ ገበያቸው ሄዱ። ነገሩን ያስረዳኝ ባለጋሪው ነው። ድልድዩ ሳይሠራ ባላቸው በየክረምቱ ሰውን በትከሻው እየተሸከመ ያሻግር ነበር። በመጨረሻው ክረምት አንድ ነጋዴ ሲያሻግር ነጋዴው ተረፈ፤ እሱን ውሃ ወሰደው።

ለግራዝማች ነገርኳቸው።

«የፊቱ ጽሑፍ ታዝዞ የመጣ ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨምርም» አሉ። ቀጥለውም «ስለ ጎኑ ግን የጻፈልኝ የለም» አሉኝ።

ስሙን ከባለጋሪው እንደሰማሁት በጎኑ ላይ ቀረጽኩ፦ «አለኔ ድልድይ ሳይኖር ሰው አሻገረ።» ሴትዮዋን አስጠርቼ አነበብኩላቸው።

«አለኔ ማነው?» አሉ።

«ባለቤትዎ።»

«የኔ ባል አለነ ነው። እናቱ አምስት ልጅ ቀብራ እሱ ሲተርፍላት ‹አለነ› አለች፣ አልጠፋንም ስትል። አንተ ‹ያለ እኔ› አደረግኸው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የ«ኔ»ን ቀለበት በሲሚንቶ ልድፈነው አልኩ።

«ክረምት አያጥበውም?» ብለው ጠየቁኝ።

እንደሚያጥበው አውቃለሁ። የድንጋዩን ጎን በሙሉ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ መፈልፈል ነበረብኝ። ግራዝማች መጥተው አቧራውን አዩ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሳምንት።»

«ሳምንት ይሁን። ከበላይ የት ሄደ ካሉኝ እንጅባራ ልኬዋለሁ እላለሁ።»

ሴትዮዋ በገበያ ቀን የተቀቀለ ድንች ይዘውልኝ መጡ። አላኮረፉኝም፤ ያ ይበልጥ አሳፈረኝ። አዲሱን ጽሑፍ በከሰል ነድፌ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው።

«አዎ፣ እሱ ነው» አሉ። መሮዬን ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ቀርጬ ስጨርስ «‹ነ› የቷ ናት?» አሉኝ። አሳየኋቸው። መዳፋቸውን ፊደሏ ላይ አሳርፈው በአዊኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። እኔ አዊኛ አልሰማም፤ ምን እንዳሉም አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ ወዲህ የማንንም ስም በከሰል ጽፌ፣ በዚያ ስም ሲጠሩት ለኖሩ ሰዎች ሳላነብ ቀርጬ አላውቅም። በዚህ ሙያ ያላችሁም እንደዚሁ አድርጉ። ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም።