የአዮን ተከላ በእንጦጦ

ሁሉን ያበላሸችው አንዲት ቃል ናት፤ «ተከላ»።

በደርግ ጊዜ ነው። ከሶሻሊስት አገር ትምህርቴን ጨርሼ ጉለሌ እናቴ ቤት የገባሁት ክረምት ሊገባ ሲል ነበር። የተማርኩት ፊዚክስ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ ስስ ፕላስቲክ ላይ ነበር። አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ዕቃ ውስጥ፣ አዮን የሚባሉትን ኤሌክትሪክ የያዙ አቶሞች በከባድ ፍጥነት እያስወነጨፍን ፕላስቲኩ ውስጥ እንቀብራቸዋለን። አዮኑ ሲገባ የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል፣ ሃይድሮጂኑን ያባርራል፣ የቀረው ካርቦን ደግሞ እርስ በርሱ እንደ አዲስ ይያያዛል። መስታወት ይመስል የነበረው ይጠቁራል፣ ፊቱ ይጠነክራል፣ ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ሲል የኖረው ማሳለፍ ይጀምራል። ይህ ነገር እኔን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራውን ልቀጥልበት የምችልበት አንድ ቤተ ሙከራ ብቻ ነበር፤ እዚያ ለመመደብ ደግሞ የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቅን ሰው ነበሩ፤ ይበልጥ የሚያናድደኝም ቅንነታቸው ነው።

«ጓድ፣ ሙያህ ምንድን ነው? በአማርኛ ንገረኝ» አሉ።

ምን ልበል? «በፕላስቲክ ውስጥ የአዮን ተከላ» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ተከላ! ላስቲክ ውስጥ! ይህን ሙያ ይዘህ እስካሁን የት ነበርክ?»

ለካ እንጦጦ ላይ የዚያ ዓመት የችግኝ ዘመቻ ሊጀመር ኖሯል፤ ችግኝ ደግሞ የሚፈላው በላስቲክ ከረጢት ነው።

«ኧረ ጓድ ሊቀመንበር፣ አዮን እኮ ዛፍ አይደለም!»

«የውጭ ዝርያ ነው?»

«በዓይን አይታይም!»

«ገና ዘር ስለሆነ ነዋ። ሲበቅል ይታያል።»

ደብዳቤውን ዘመቻው ሲያልቅ እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ፤ በቃ። ክረምቱን ሙሉ እንጦጦ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ላስቲክ ውስጥ አፈር ስሞላ ከረምኩ። ሰዉ ሁሉ «ባለሙያው» እያለ ስለ ጽድ ሥር ይጠይቀኛል። እናቴ በበኩሏ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ልጇ ምን እንደተማረ በመጨረሻ ለጎረቤት የምትነግረው ነገር አገኘች። ላርማት ስሞክር «አንተ ደግሞ ነገር ታካብዳለህ» ትለኛለች። ልቤ እርር አለ።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል ሊቀመንበሩ ለጉብኝት መጡ። ካለፈው ዓመት ሜዳ ላይ የቀረ አንድ ከረጢት ሲያነሱ እጃቸው ላይ ፍርክስክስ አለ።

«ጓድ ባለሙያ፣ ይህ ምን ሆኖ ነው?»

ትዕግሥቴ አለቀ። «ፀሐይ ናት! የላስቲኩን ሰንሰለት በጣጠሰችው! እኔ የተማርኩት ላስቲኩን ነው! ችግኙን አይደለም፣ ላስቲኩን!» ብዬ ጮህኩ።

እጃቸው ላይ የቀረውን የላስቲክ ፍርፋሪ አራገፉ። ከዚያ ከልባቸው አዝነው፣ «ታዲያ ከመጀመሪያው ላስቲክ ነው አትለኝም ነበር?» አሉ።

በማግስቱ ደብዳቤውን ራሳቸው ቤት ድረስ አመጡልኝ። በላስቲክ ሙያ ከፍተኛ ትምህርት እንዳለኝ አሳምረው ጽፈዋል። መዳቢዎቹም ደብዳቤውን አንብበው የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ መደቡኝ። ቤተ ሙከራውን ከዚያ ወዲህ ያየሁት ከአጥሩ ውጭ ሳልፍ ብቻ ነው።

ከፋብሪካው ያመጣሁላትን ጫማ እናቴ ኮርታበት ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ሄደችበት። በጋው ሳይጋመስ ተሰነጠቀ። ለምን እንደተሰነጠቀ አውቃለሁ። ፊቱ በምን ሊጠነክር እንደሚችልም አውቃለሁ፤ እጄ ላይ ያለው ግን ጫማ መጭመቂያ ማሽን ብቻ ነው።

እናቴ ጫማውን ይዛ መጥታ ፊቴ ላይ ደቀነችው። «ያን ሁሉ ዓመት ላስቲክ ተምረህ፣ ለእናትህ አንድ ጫማ አቃተህ?» አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። በአማርኛ መናገር ግን ፈራሁ።