ሳርካዊ ያለ ትእዛዝ የቆረጠው ገመድ

የጦር መርከብ ፎቶ ይነሣል፤ ታንከር ግን ቀለም የሚቀባው እንኳ አለቃ ሊጎበኝ ሲመጣ ብቻ ነው። ይህን የምለው ቅናት ይዞኝ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ይዞኝ ነው። «ራኑ» በምትባል የባሕር ኃይል ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ወጥ ሠርቻለሁ። በጃቫ ባሕር ላይ ሲንጎራደዱ የምታዩአቸው የጦር መርከቦች ሁሉ የኛን ጡት ጠብተው ነው የሚንጎራደዱት። ነዳጁ ከኛ፣ የሚጠጣው ውኃ ከኛ፣ ሩዙ ከኛ፣ ሽንኩርቱም ከኛ። ወደባችን ሱራባያ ሲመለሱ ሙዚቃ የሚመታው ለነሱ ነው። እኛ የወደቡ ጥግ ላይ፣ የዛገ ብረት ከሚከመርበት ዘንድ እንታሰራለን።

ስለ ሳርካዊ ላወራችሁ ተነሥቼ ስለ ራሴ ጀመርኩ። ወጥ ቤት የዋለ ሰው ምላሱ ረጅም ነው፤ ቻሉኝ።

ሳርካዊ የገመድ አለቃችን ነበር። ከወደቡ ማዶ ካለችው ከማዱራ ደሴት፣ ካማል ከሚባለው ሰፈር ነው። አጭር፣ አንገቱ ትከሻው ውስጥ የገባ፣ ሲናገር የተቆጣ የሚመስል፣ ሲቆጣ ግን ጭራሹኑ የማይናገር ሰው። ሁላችንም «ቻክ ሳርካዊ» እንለዋለን፤ አለቆቹ ሳይቀሩ ቻክ ይሉታል፤ ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው። ይህ ነገር ሲደርስ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ነዳጅ የምትቀበለው መርከብ መጥታ አርባ ሜትር ያህል ርቀት ጠብቃ ከጎናችን ትሰለፋለች። ከዚያ ሁለታችንም ሳንቆም፣ እኩል ፈጥነን፣ እኩል አቅጣጫ ይዘን ሁለት ሰዓት እንሄዳለን። ቱቦው በወፍራም ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በመካከላችን ያልፋል። ሁለት መርከብ እንዲህ ተጎራብቶ ሲሄድ በመካከል ያለው ባሕር አንዱን ወደ አንዱ ይስባል። የአንዱ መሪ ትንሽ ከሳተ ብረት ከብረት ይጋጫል፤ በመካከላቸው ያለው ደግሞ ነዳጅ ነው። የቀረውን እናንተ አስቡት።

ለዚህ ነው ከገመድ አለቃው እግር ሥር መጥረቢያ የሚቀመጠው። ሕጉ ግን መጥረቢያው የሚነሣው አዛዡ ሲያዝ ብቻ ነው ይላል። ሳርካዊ በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አንሥቶት አያውቅም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ እጁን ገመዱ ላይ አሳርፎ ይቆማል።

«ቻክ፣ የሚስትህን እጅ እንኳ እንዲህ ይዘህ ታውቃለህ?» እለዋለሁ።

«ሚስቴ አትበጠስማ» ይለኛል።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። እኛ ታንከረኞች አንድ ልማድ አለን። ነዳጅ ከሰጠን በኋላ በቀጭኗ የዕቃ ማመላለሻ ገመድ የቀርከሃ ቅርጫት እንልካለን። ውስጡ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣና ሳምባል የሚባል አስለቃሽ የበርበሬ ድልህ አለ። የጦር መርከብ ወጥ ቤት የሚሠራውን ብትቀምሱ ኖሮ ለምን እንደምናዝንላቸው ይገባችሁ ነበር። እነሱም ቅርጫቱን ባዶውን አይመልሱትም፤ ፍሬም ቢሆን፣ ጨዋታ የተጻፈበት ወረቀትም ቢሆን ያደርጉበታል። ቅርጫቱ መሄድ ያለበት ቱቦው ተፈትቶ ካለቀ በኋላ ነው። ግን ያኔ ሩዙ ይቀዘቅዛል! የቀዘቀዘ ሩዝ ለእንግዳ አልልክም። እና ሁልጊዜ ቱቦው ሳይፈታ፣ አለቆች ሳያዩኝ እልከው ነበር።

ነገሩ የሆነው በምዕራቡ ነፋስ ወራት ነው። «ሲካታን» የምትባል ሰማንያ አራት ሰው የያዘች የጦር መርከብ ከጎናችን ተሰልፋ ትጠጣ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደ መጋረጃ ወረደ። እኔ ቅርጫቴን ገመዱ ላይ አንጠልጥዬ ከወዲያ ማዶ መጎተት ሲጀምሩ እየሮጥኩ ወጥ ቤት ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ ከላይ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ መርከባችን ተንገጫገጨች፤ ድስቴ ተገለበጠ።

ስወጣ ቱቦው የለም። ባሕር ውስጥ ገብቷል። ሲካታን ወደ ወዲያ ታጥፋ ዝናቡ ውስጥ እየጠፋች ነው። ሳርካዊ መጥረቢያውን ይዞ ቆሟል።

«ማን አዘዘህ?» እያለ አዛዣችን ከላይ ይጮሃል። «ማን አዘዘህ፣ ሳርካዊ?»

«ገመዱ ላላ፣ ጌታዬ» አለ ሳርካዊ። «እጄ ላይ ሞተ። እየመጡብን ነበር።»

ችግሩ ግን ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። በዚያ ዝናብ እንኳን ማዶው የራስ አፍንጫ አይታይም። የሲካታን አዛዥ በሬዲዮ «እኛ ርቀታችንን ጠብቀን ነበር፤ የእናንተ ሰው ደንብሮ ነው» አለ። ገመድ ሲቀበሉ የነበሩት የሱ ሰዎችም ዝናብ ነበር፣ አላየንም አሉ። አዛዥህ አፉን ከከፈተ በኋላ አንተ ሌላ የምትለው ምን አለ? ወደብ እንደገባን አጣሪ ጉባኤ ተባለ። ሳርካዊ ጥፋተኛ ከሆነ ማዕረጉ ተገፎ፣ ፈሪ ተብሎ ነው ጡረታ የሚወጣው።

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። የማዱራ ሰው ግን «ዓይን በሐፍረት ከሚነጣ አጥንት በመቃብር ቢነጣ ይሻላል» ይላል፤ ደግሞ ለአፉ አይደለም የሚለው። ከወደባችን በር ካማል የሚያደርሰው ጀልባ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ያኔ ማዱራ የሚያሻግረው ድልድይ አልተሠራም፤ ጀልባው ከንጋት ጀምሮ ይመላለሳል። ሳርካዊ ዘጠኝ ቀን አልተሻገረም። ለሚስቱ ለሆስኒያ «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ አስላከባት። ታስራ የቆመች መርከብ ላይ ምን ሥራ አለ? ቀኑን ሙሉ ያችኑ አንዲት ገመድ ሲቋጥርና ሲፈታ ይውላል። ምግብ ሳቀርብለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ሰሃኑን ወደ እኔ ይገፋዋል።

«ቻክ፣ ሂድና ለሆስኒያ ንገራት» አልኩት አንድ ቀን።

«ምን ብዬ? ሃያ ስድስት ዓመት ቆሜ በመጨረሻው ደነበርኩ ልበላት?»

«ደንብረሃል እንዴ?»

እጁን አየ። «አላውቅም፣ ሚስላን» አለኝ። «መጀመሪያ እርግጠኛ ነበርኩ። ሁሉም አይደለም ሲለኝ አሁን እጄንም መጠርጠር ጀምሬያለሁ።»

ይህን ሲለኝ አለቀስኩ። ሽንኩርት ነው አልኩት፤ በእጄ ግን ሽንኩርት አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጉባኤው ሲቀመጥ፣ ማታውን ወደብ የገባችው ሲካታን ቅርጫቴን መለሰች። አንድ ባሕረኛ አምጥቶ ሰጠኝ። ውስጡ ራምቡታን የሚባል ፀጉራም ቀይ ፍሬ ሞልቶበታል፤ ከላዩ ወረቀት አለ። ከወጥ ሠሪያቸው ከቶሂር ነው። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ፦ «ወንድሜ ሚስላን፣ ለመሆኑ ሩዝ በጨው ነው በባሕር የምትቀቅለው? አንዱን ጥቅል ለሦስት ተካፍለን መጨረስ አቃተን።»

ደሜ ፈላ። ሃያ ሁለት ዓመት! አንድ ሰው ጨው በዛ ብሎኝ አያውቅም! የቀረውን ማን ያነባል? ወረቀቱን ጨብጬ፣ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ፣ በነጠላ ጫማ እየተጣደፍኩ ወደ ጉባኤው ሕንፃ ሄድኩ። ቶሂር ምስክር ተብሎ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እንደሚገኝ ሰምቼ ነበር።

«አንተ የድንች ላጭ!» አልኩት። «የኔን ሩዝ ነው ጨው በዛው የምትለው?»

«አዎ ያንተን!» ብሎ ተነሣ። እሱም የዋዛ አይደለም። «ከንፈሬ እስከ ዛሬ አልዳነም!»

«የአንተ ምላስ ከናፍጣ ሌላ ምን ያውቃልና!»

«እኔ እንኳ ናፍጣ ነው የማውቀው፤ አንተ ለሰው ባሕር ታበላለህ!»

በሩ ተከፈተ። የጉባኤው ሰብሳቢ ኮሎኔል ዊርያዋን ራሳቸው ቆመዋል። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሽርጤን አዩ።

«ሁለታችሁም ግቡ» አሉ።

ገባን። ሳርካዊ ጠረጴዛው ፊት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሲያየኝ ዓይኑን ጨፈነ፤ አይፈረድበትም። ኮሎኔሉ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ለራሳቸው አነበቡ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጮክ ብለው አነበቡት፤ እኔ ያላነበብኩትን ጭምር፦

«...ቅርጫቱን ስስበው ባሕር ውስጥ ተነክሮ ነው የመጣልኝ፤ ውኃው ከውስጡ ይንጠባጠብ ነበር። ገና ቋጠሮውን እየፈታሁ ሳለ ነው ያ የናንተ ሰው መጥረቢያውን ያነሣው።»

ኮሎኔሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይህ ቅርጫት በገመድ ሲሄድ ከባሕሩ ምን ያህል ከፍ ይላል?»

«ሦስት ሰው ቢደራረብ አይነካውም፣ ጌታዬ። በኔ ዘመን ረጥቦ አያውቅም።»

«ገመዱ ከናንተ በኩል የታሰረው በምን ነው?»

«በብረት ምሰሶ ነው፣ ጌታዬ። አይላላም። ካልሆነ...» አልኩና ወረቀቱን አየሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ካልሆነ?»

«ካልሆነ መርከቦቹ ተቀራርበው ነው፣ ጌታዬ።»

«ገመዱ ከመቆረጡ በፊት» አሉ ኮሎኔሉ ቀስ ብለው።

ቶሂር ላቡ ፈሰሰ። «እኔ... እኔ እኮ ስለ ሩዙ ነበር የጻፍኩት» አለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኛ እውነት ዘጠኝ ቀን ሙሉ በሌላ መርከብ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጨው በዛ እየተባለ ሲሰደብ ሰንብቶ ነው የጠራው።

ከዚያ ወዲህ የቀረው አጭር ነው። የሲካታን መሪ ይዞ የነበረው ሰው እንደገና ተጠራ። ልጅ እግር ነው። ወረቀቱ ሲነበብለት አልቻለም፤ አለቀሰ። መሪው በዝናቡ መካከል ለጥቂት ጊዜ ተቀርቅሮ እምቢ ብሎት እንደነበር፣ ሲለቅለት ታንከሯ ግድግዳ ሆና ፊቱ ቆማ እንዳየ፣ ያኔውኑ ደግሞ ገመዶቹ ተቆርጠው መታጠፍ እንደቻለ ተናገረ። ፈርቶ ለአዛዡ አልተናገረም ነበር። እዚያው የተቀመጠው የሲካታን አዛዥ ግን፣ ልሸሽገው አይገባኝም፣ ሰው ሆነ። ፊቱ አመድ መስሎ ተነሣና ወደ ሳርካዊ ዞረ።

«ቻክ» አለው፤ «ሰማንያ አራት ሰው ይዤ ነበር። በደልኩህ።» እጁን ወደ ግንባሩ አንሥቶ ሰላምታ ሰጠው። አዛዥ ለገመድ ሰው ቀድሞ ሰላምታ ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሳርካዊ በሙሉ ማዕረጉና በሙሉ ክብሩ ጡረታ እንዲወጣ ተወሰነ። እኔም አልተረሳሁም። ቱቦው ሳይፈታ ቅርጫት በመላኬ ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ከወደብ እንዳልወጣ ተቀጣሁ። ኮሎኔሉ ቅጣቱን ሲያነቡ ይስቁ እንደነበር እምላለሁ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ሰኞ ሩቅ ስለሆነ ከሳርካዊ ጋር ጀልባው ላይ ወጣሁ። ደረቴ ላይ ተቀምጦ የሰነበተ ድንጋይ ወርዶልኝ እንደ ሕፃን መሳቅ ያምረኝ ነበር። እሱ ግን ካማል ስንቃረብ መልሶ ፊቱ ጠቆረ።

«ሆስኒያ ዘጠኝ ቀን የት ነበርክ ስትለኝ ምን እላታለሁ?» አለኝ።

ሆስኒያ ካማል ወደብ ላይ የሙዝ ጥብስ ትሸጣለች። ከሩቅ አይታናለች፤ ግን ከምጣዷ ቀና አላለችም።

«በሥራ ብዛት ከስተሃል» አለችው ስንደርስ።

«ሆስኒያ፣ የምነግርሽ አለ።»

«የቆረጥከውን ገመድ ነው? እሱንማ መርከባችሁ በገባች ማግስት ሰምቻለሁ። እዚህ ወደብ የማይሰማ ነገር አለ እንዴ?»

ሳርካዊ ወደ ምጣዱ ቀረብ አለ። «አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«መጥቶ ይነግረኛል ብዬ ስንት ጀልባ ጠበቅኩ መሰለህ!»

«ማዕረጌን ሊገፉኝ ነበር እኮ። በምን ዓይኔ ልይሽ?»

ሆስኒያ ማማሰያዋን አስቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ስማ» አለችው። «ማዕረጉ የሸሚዝህ ነው፤ ሳጥበው የኖርኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። አንተ ማዕረግህን ይዘህ እነዚያ ሁሉ የእናት ልጆች ባሕር ውስጥ ቢቀሩ ነበር በሩን የምዘጋብህ።»

ሳርካዊ የሙዝ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ሲገልጠው እንባው ይወርዳል፣ ጥርሱ ግን ይታያል።

«ታዲያ ዘጠኝ ቀን በከንቱ ነው የተራብኩት በይኛ?»

«ሞኝ ስለሆንክ ነዋ» አለችውና የሙዝ ጥብስ የሞላ ሰሃን ጭኑ ላይ አኖረችለት።

አሥራ አንድ ሙዝ በላ። እኔን የምትመልሰኝ ጀልባ ጮሃ ስትነሣ አሥራ ሁለተኛውን እያነሣ ነበር።