ዘንባባዎቼን ያደረቀው ማጭድ

ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ ሲሄዱ ከመንገዱ ቁልቁል ወረድ ብሎ ውሃ የማያጣ ሸለቆ አለ። ቤቴ እዚያ ነው። ከቤቴ በታች በጅረቱ ዳር ሰባት ዘንባባዎች ነበሩኝ። እናቴ ከእግራቸው የሚበቅለውን ቅጥይ እየነቀለች፣ ከአንዱ ሌላውን እየተከለች ያባዛቻቸው ናቸው። ከቅጠላቸው ሰሌን ሠርታ አሳደገችኝ። እኔም ሰሌንና ዘንቢል እየሠራሁ ልጆቼን ትምህርት ቤት ላክሁ። በየዓመቱ በሆሳዕና ዋዜማ ደግሞ የደብሩ ሰዎች ማጭዳቸውን ይዘው መጥተው ለበዓሉ የሚሆነውን ይቆርጣሉ። ዛሬ የቀሩኝ ሁለት ናቸው። ስለ አምስቱ ሳነሳ ሰው «አሁንም አልበረደልሽም?» ይለኛል። አልበረደልኝም።

መጀመሪያ የታመመው ከሰባቱ በላይኛው ዳር ያለው ነው። አንዱ ዝንጣፊ በቀኝ ጎኑ ብቻ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። ንጣቱ ከሥር ጀምሮ ወደ ጫፍ ወጣ፤ ከዚያ በግራ ጎኑ ከጫፍ ወደ ሥር ወረደ። የውሃ ጥም ቢሆን ሁለቱም ጎን እኩል በደረቀ ነበር። እኔ ነገር አይቼ ዝም ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ልጄ ሁለቴ ከሳለች ደረቷ ላይ ጆሮዬን የምለጥፍ ነኝ። ዝንጣፊውን ቆርጬ ስሰነጥቀው የመሃሉ እንጨት ውስጥ እንደ ዝገት ያለ ቀይ መስመር ተጋድሞበታል።

ለጎረቤቴ አሳየሁት። ለጤፍ ትል ገዝቶ የተረፈው መድኃኒት በጠርሙስ አመጣልኝ።

«እሱን ርጪበት፣ እታለም። የማይገድለው ነገር የለም።»

«ፍሬውን ልጆች ይለቅሙታል እኮ።»

«ታዲያ እንዳይበሉ ንገሪያቸዋ።»

የአምስት ዓመት ልጅ መሬት ላይ የወደቀ ቢጫ ፍሬ አይቶ፣ አትብላ ስለተባለ ይተዋል? ጠርሙሱን ሳልከፍተው መለስኩለት። ፈሪ አለኝ። ልክ ነው፣ ፈሪ ነኝ።

ዝንጣፊውን በነጠላ ጠቅልዬ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፣ ሌላ ቀን ወረዳ ሄደዋል ተባልኩ። በሦስተኛው ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል በር ላይ አገኘሁት። ነጠላዬን ፈትቼ አሳየሁት። ከሞተሩ አልወረደም።

«ፈንገስ ነው» አለኝ።

«ፈንገስ ማለት ምንድን ነው?»

«ሻጋታ በዪው። የታመመውን ቆርጠሽ አስወግጂ።»

«ሌላ የማደርገው የለም?»

«በቃ፣ እሱ ነው።»

እኔ እርስዎ እለዋለሁ፣ እሱ አንቺ ይለኛል። ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ ያንሳል። ቢሆንም አምኜው ተመለስኩ። ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት የተማረ ሰው ሲነግራት ምን ትላለች? ሻጋታ ደግሞ አውቃለሁ። እንጀራ ላይ ሲወጣ የሻገተውን ቆርሼ እጥላለሁ፣ የቀረውን እንበላለን። ዘንባባውም እንደዚያ መሰለኝ።

በዚያው ቀን ማጭዴን ስዬ ወረድኩ። ከታመመው ላይ የነጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆረጥኩ። የተጀመረ ሰሌን ስለነበረኝ በዚያው ማጭድ ወደ ሁለተኛው አለፍኩና ለሥራ የሚሆነኝን ለጋ ቅጠል ቆረጥኩ። ከዚያ ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ተርብ ጎጆ ሠርቶ ነበርና ዘልዬው አምስተኛው ጋ ሄድኩ። እዚያ ላይ በቃኝ። የታመመውን ቅጠል መጣል አሳሳኝና ለአጥር ይሆነኛል ብዬ ከቤቱ ጀርባ ከመርኩት።

ክረምቱ ሲወጣ ሁለተኛው በአንድ ጎኑ ነጣ። ቀጥሎ ሦስተኛው። ቀጥሎ አምስተኛው። አራተኛው በሁለት በሽተኞች መሃል ቆሞ አረንጓዴ ነው። በሽታው ለምን እሱን ተወው እያልኩ ብዙ ቀን ተብሰለሰልኩ። አንድ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወርድ ተርቦቹ ሲወጡና ሲገቡ አየሁ። እንስራዬን አስቀምጬ ጅረቱ ዳር ተቀመጥኩ። በሽታው የሄደው እኔ በሄድኩበት መንገድ ነው። እኔ የዘለልኩትን እሱም ዘለለው። የተሸከመው የኔ ማጭድ ነው።

ባለሙያው ጋ ስደርስ ሰላምታም አልሰጠሁት።

«ማጭዱ ነው ወይ?» አልኩት።

«የምን ማጭድ?»

«በሽታው በማጭድ ይሄዳል ወይ?»

«አዎ፣ ይሄዳልማ። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስትሄጂ ማጭዱን በእሳት ማጋል ወይ በበረኪና ማጠብ አለብሽ። የተቆረጠውም መቃጠል አለበት።»

«ይሄን ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ።»

«የማውቅ ብሆን ሦስት ጊዜ በእግሬ እመጣ ነበር?»

ስልኩን ማየት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ለልጄ ሽሮፕ ሲሰጡኝ፣ ስንት ማንኪያ፣ በቀን ስንቴ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ የሚለውን መልሼ እስክነግራቸው አይለቁኝም። ይሄ ሰው ግን ግማሹን ነግሮኝ ሞተሩን አስነሳ። በግማሹ ሦስት ጤነኛ ዛፍ ጨረስኩ። አጥፊዋ እኔ ነኝ፣ አልክድም። ግን ብቻዬን አይደለሁም።

አራቱን ከነሥራቸው ቆፍረን አቃጠልናቸው፣ እኔና ልጄ። ከቤቱ ጀርባ የከመርኩትንም ጨመርኩበት። «እማ፣ እጅሽ ደምቷል» ስትለኝ እንኳ ዶማውን አልለቀቅሁም። ሦስት ቀሩ፤ ተርብ ያለበትና ታች ያሉት ሁለቱ። እነዚህን ካጣሁ እጄ ሌላ ሥራ አያውቅም።

የሆሳዕና ዋዜማ ደረሰ። ጎረቤቴ ሦስት ሰዎች አስከትሎ መጣ። በጅረቱ ቁልቁል ካሉ ሌሎች ዘንባባዎች ቆርጠው ተሸክመዋል። ከሸክማቸው መሃል አንድ ጎኑ የነጣ ዝንጣፊ ታየኝ። እኔ ከጠዋት ጀምሬ ደጄ ላይ እሳት አንድጄ ቆሜ ነበር።

«ማጭዳችሁን አግሉልኝና ከዳር ከዳሩ ቁረጡ» አልኳቸው። «ከመሃል ያለውን ለጋውን አትንኩ። እሱን ከቆረጣችሁ ቁስሉ የዛፉ ልብ ላይ ነው የሚቀረው።»

ጎረቤቴ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ማጭድም ንስሐ ይገባ ጀመር።»

ሳቁ።

«ንስሐስ ከአንተ ይልቅ እሱ ይገባል» አልኩት። «ያ የተሸከምከው በሽተኛ ነው። አላየኸውም?»

«እና ለጌታ የሚሆነውን በእሳት ትቀበይናለሽ?»

«ዘንባባውን አልከለከልኩም። የከለከልኩት ማጭድህን ነው።»

ጭቅጭቁን ሰምተው የነፍስ አባቴ ከመንገዱ ወረዱ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«ምን ሆንሽ ልጄ፣ በበዓል ዋዜማ?»

«አባ፣ አግለው ይቁረጡ ነው ያልኩት። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።»

«እሱስ አይከፋም። ግን ሰው አስቀየምሽ።»

«እኔስ አልተቀየምኩም፣ አባ? አራት ዛፍ አቃጥዬ እኮ ነው የቆምኩት።»

እሳቱን ተመለከቱ። ከዚያ ለሰዎቹ «አግሉት፣ ምን ይጎዳችኋል» አሏቸው። ሰዎቹ ወደ እሳቱ ጠጋ ሲሉ ጎረቤቴ የለም። ዘወር ስል ከታችኛው ዛፍ ለጋውን ከልቡ መዝዞ ቆርጦ በትከሻው ይዞት ይመጣል።

«ይኸው» አለኝ። «አልሞተም።»

በማግስቱ ቅዳሴ የቆምኩት ንዴቴን ይዤ ነው። ከንዴቴ ጋር ሰገድኩ።

ከክረምት በኋላ ያ ዛፍ በአንድ ጎኑ ነጣ። በጋለ ማጭድ አንድ ዝንጣፊ ቆርጬ አስቀረሁና ዛፉን ከነሥሩ አቃጠልኩት። ዝንጣፊውን ወስጄ ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከወረቀቶቹ በላይ አስቀመጥኩት። «እርስዎ ይንገሯቸው» አልኩት። «ከእኔ አይሰሙም።» ይህን አልክድበትም፣ በእሁዱ መጣ። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ማጭድ በየዛፉ መሃል እንዲጋል፣ የታመመው እንዲቃጠል፣ ከታመመ ዛፍ እግር ቅጥይ እንዳይወሰድ፣ ለጋው እንዳይነካ። የኔው ቃል ነው። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጎረቤቴም «በበረኪናም ይሆናል ነው የሚሉት፣ ጌታው?» ብሎ ጠየቀ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚሰማ ሰው። እኔ ከሴቶቹ መሃል ጥርሴን ነክሼ ቆሜያለሁ።

ዘንድሮ በዋዜማው ጎረቤቴ መጣ።

«እታለም፣ እሳት አለሽ? ባለሙያው ያለ እሳት አትቁረጡ ብሎናል።»

«አለ» አልኩት።

ማጭዱን እሳቱ ላይ ነካ አድርጎ አወጣው። ከጣሳው ውሃ ጠብ አደረግኩበት። ብረቱ አልጮኸም።

«ገና ነው። ቢግል ይጮህ ነበር። መልሰው።»

«ኧረ ስለቱ ይበላሻል።»

«ይበላሽ። መልሰው።»

መለሰው። ውሃው ቸስ ብሎ እስኪጮህ አጠገቡ ቆምኩ። ከቀሩት ሁለቱ ከአንዱ ዛፍ ዳር ሁለት ዝንጣፊ አስቆረጥኩት። ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሊሄድ ሲል ፊት ለፊቱ ቆሜ ወደ እሳቱ መለስኩት።