ፎቶግራፍ ያልተነሣ ፊት

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን፣ የሥዕል መምህራችን ክፍል ውስጥ ለቀረነው ጥቂት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች እንዲህ አለን፦ "ክረምቱን በየቀኑ አንድ ነገር ሥሩ። ሥዕል ይሁን፣ ጭቃ ይሁን፣ የፈለጋችሁትን። ለእኔ ማሳየት የለባችሁም፤ ማርክም የለውም። ቀን ብቻ እንዳትዘሉ።"

ጓደኞቼ ገና ከግቢው በር ሳይወጡ ረሱት። እኔን ግን ነገሩ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ማርክ ከሌለውና ማንም ካላየው ሰው ለምን ይሠራዋል? ለማወቅ ያለው መንገድ መሥራት ብቻ መሰለኝ።

ቤታችን ወላይታ ሶዶ ውስጥ ነው፤ ከበረንዳው ዳሞታ ተራራ ይታያል። አባቴ የዞኑ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስለነበር ጊዜ ያለፈባቸውን የግድግዳ ካላንደሮች አመጣልኝ፤ ጀርባቸው ነጭና ወፍራም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዳሞታን በእርሳስ ልሥል ተቀመጥኩ። ተራራው ግን በጉም ተሸፍኖ ጠፋ። ስጠብቅ ስጠብቅ አልወጣም፤ ሲመሽብኝ በቃሌ ሣልኩት። በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ተራራውን ከሥዕሌ ጋር ሳስተያየው የግራ ትከሻውን ጨርሶ አላውቀውም ኖሯል። ተወልጄ ያደግኩት ከሥሩ ነው! በየቀኑ የሚያዩትን ነገር አለማወቅ ይቻላል? ይህ ጥያቄ ከመምህሩ የቤት ሥራ ይልቅ ያዘኝ።

ቀለም ስላልነበረኝ አፈር መልቀም ጀመርኩ። የጓሯችን አፈር ቀይ ነው፤ ወንዝ ዳር ያለው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ለመንገድ ሥራ ከተቆፈረ ጉድጓድ ደግሞ ወይን ጠጅ የሚመስል አገኘሁ። በነጠላ ቁራጭ አጥልዬ በእንቁላል አስኳል ለወስኩት። እናቴ የእንቁላሉን ቅርፊት ስታይ ጮኸች።

"ለአፈር እንቁላል የሚያበላ ሰው በአንቺ አየሁ!"

ከዚያ ወዲያ በዛፍ ሙጫ ተካሁት። አንድ ቀን የእንሰት ቅጠል ጅማት ላይ ጭቃ ቀብቼ ወረቀት ላይ አተምኩ። ሌላ ቀን ከቃጫ ዶሮ ሠራሁ፤ ማንም ዶሮ መሆኗን አላወቀላትም። ሌላ ቀን የጀሪካን ጥላ ጠዋት ሥዬ፣ ከሰዓት መልሼ ሣልኩ። የሚያሳፍር ነገር የሚወጣበት ቀን ብዙ ነበር። ሆኖም ስተኛ ነገ ምን ልሥራ እያልኩ ነው።

ሐምሌ ሲጋመስ አክስቴ ገሱባ ከምትባል የወላይታ ከተማ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ጉልበቷ አብጦ ስላስቸገራት እኛ ቤት ተቀምጣ ሆስፒታል ልትመላለስ ነበር። አማርኛ የምታውቀው ለገበያ ያህል ነው፤ የምናወራው በወላይትኛ ነበር። የእኔ ወላይትኛ ደግሞ የከተማ ልጅ ወላይትኛ ስለሆነ፣ ግማሹ አማርኛ ነው እያለች ትስቅብኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ እግሯን ዘርግታ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ጠየቀችኝ።

"ይህን ጀሪካን ለምንድን ነው የምትሥይው?"

"እንዳየው ብዬ ነው።"

"ሳትሥይው አይታይሽም?"

"ይታየኛል፤ ግን በደንብ አላየውም።"

ጀሪካኑን አየት አድርጋ፣ "እዚህ የሌለ ነገርስ ትሥያለሽ?" አለችኝ።

"ምን ዓይነት ነገር?"

"ሰው።"

እርሳሴን አስቀመጥኩ።

አክስቴ የመጀመሪያ ልጇን በደርግ ጊዜ እንዳጣች አውቅ ነበር። ገና ጢም ሳያወጣ፣ በገበያ ቀን ለውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን ተወሰደ። መንግሥት ሲለወጥ የተረፉት ወታደሮች በእግራቸው ወደየአገራቸው ሲመለሱ፣ እሷ መንገድ ዳር ቆማ አላፊውን ሁሉ ትጠይቅ ነበር አሉ። አልተመለሰም። ሞተ ብሎ የነገራትም የለም። እኔ ያን ጊዜ የጡት ልጅ ነበርኩ። ያላወቅኩት ነገር፣ ልጁ አንድም ፎቶግራፍ እንደሌለው ነው።

"ፊቱ አለኝ" አለች ግንባሯን በጣቷ ነካ አድርጋ። "ግን አሁን አሁን ይሸሸኛል። ዓይኑን አጥቼው የምውልበት ቀን አለ።"

በማግስቱ ጀመርን።

"ግንባሩ እንዴት ነበር?"

"ጥሩ ግንባር ነበር።"

"ሰፊ ነው ጠባብ?"

"ለእሱ የሚበቃው ነዋ!"

አባቴ ከሥራ ሲገባ እሱንም ጠየቅነው። "ጆሮው ወጣ ያለ ነበር፤ እንቀልድበት ነበር እኮ" አለ። አክስቴ ተቆጣች።

"የልጄ ጆሮ ምን ሆነ? ወጣ ያለውስ የአንተ ነው!"

ሁለቱም እንደ ዳኛ ወደ እኔ ዞሩ። ጆሮውን ለጊዜው ተውኩት።

እንደማይሆንልን ሲገባኝ ሌላ መላ ሞከርኩ። በአንድ ወረቀት ላይ ብዙ ዓይነት አፍንጫ ደርድሬ አሳየኋት። አይደለም፣ አይደለም እያለች ሁሉንም ጣለችው። ያኔ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። በቃል ልትነግረኝ ያልቻለችውን ነገር፣ ዓይኗ ግን ያውቀዋል። የልጇ ያልሆነውን ሁሉ ወዲያው ትለየዋለች። ወረቀቱን እየመለሰችልኝ ሳለ አንድ አህያ የሚነዳ ሰው በአጥራችን በኩል አለፈ። "ያ!" አለች፤ "የዚያን ሰው አፍንጫ አምጪ!" ተሯሩጬ ወጣሁና ሰውየው ዞር ሳይል በፊት የቻልኩትን ያህል ሣልኩ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ የእሱ ቁርጥራጭ ሆነብን። ሆስፒታል ወረፋ ስንጠብቅ አክስቴ በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች። "ያ ቀይ ሹራብ የለበሰው፣ ቅንድቡን እይ። ያቺ ሴትዮ ደግሞ፣ አገጯን።"

"ሴት ናት እኮ።"

"አገጭ ወንድና ሴት አለው እንዴ?"

አንዲት ነርስ ምን እንደምናደርግ ጠየቀችን። ስንነግራት አፍንጫዋን በጣቶቿ ይዛ፣ "የእኔስ?" አለች። አክስቴ ቀና ብላ በጥንቃቄ መረመረቻትና በአማርኛ፣ "ይቅርታ፣ ልጄ" አለቻት። ነርሷ እየሳቀች ሄደች።

የየዕለት ሥራዬ እንዲህ ሆነ፤ ዛሬ ቅንድብ፣ ነገ የፀጉር ጠርዝ። የሰው ሁለት ዓይን እኩል እንዳልሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሰው ሲያዳምጥና ሲጠብቅ ፊቱ እንደሚለያይም አየሁ። አንድ ነገር ብቻ ጠፋን፤ አፉ።

አንድ ከሰዓት ዝናብ እየጣለ ከሆስፒታል በባጃጅ ስንመለስ አክስቴ በድንገት የእጄን አንጓ ጭምቅ አደረገችው። በሹፌሩ መስታወት ውስጥ ታያለች።

"አፉ" አለች በወላይትኛ።

ሹፌሩ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። በኋላ እንደነገረን የቢጠና ከተማ ልጅ ነው። ሰምቷት ኖሮ አፉን በእጁ ጠረገ። "አፌ ምን ሆነ፣ እናቴ?"

እኔ ነገሩን አስረዳሁት። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ሒሳቡን ሳይጠይቅ ሞተሩን አጠፋና ወደ እኛ ዞሮ ተቀመጠ። የፕላስቲክ መጋረጃውን አወረደልን። "ሣይኝ በቃ" አለ። ግን ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው አፉን ግጥም አደረገው።

"እንዲህ አይዘጋውም ነበር" አለች አክስቴ።

"ታዲያ እንዴት ነበር? ይስቅ ነበር?"

አሰበች። "ሊስቅ ሲል። እኔ ስቆጣው፣ እሱ ሳቁን ሲያፍን።"

"እስቲ ይቆጡኝ።"

አክስቴ አፈረች። ወደ እኔ አየች፤ ከዚያ ድንገት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "በሬዎቹን ማሳ ውስጥ ለቀህ የት ሄደህ ዋልክ?" አለችው። ሹፌሩ አልጠበቀም ነበርና የከንፈሩ አንድ ጫፍ ወደ ላይ ተሳበ።

"ያው! ያው!"

እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። አክስቴ ግን መቆጣቷን አላቆመችም። እግርህን ሳትታጠብ ለምን ገባህ አለችው። ለታናሽህ ሳታስቀር ለምን በላህ አለችው። ከዚያም ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ዛሬ ገበያ አትውጣ አላልኩህም? ቅር ብሎኛል፣ ቤት ዋል አላልኩህም?"

ከላያችን ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ሹፌሩ ፈገግታው ጠፍቶ ያዳምጣት ነበር። እኔ መሣሌን አቁሜያለሁ።

"አልሰማሁሽም፣ እናቴ" አላት በወላይትኛ። "ይቅር በይኝ።"

አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ አወረደችውና፣ "እሺ" አለች። ከባጃጁ ስትወርድ እሱ ነው ክንዷን ይዞ ያወረዳት።

የተሰበሰበውን ሁሉ በአንድ ትልቅ ካላንደር ጀርባ ላይ ለማስማማት ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ለቆዳው የጓሯችንን ቀይ አፈር ከወንዙ ቢጫ ጋር ደባለቅኩ። ጆሮውን፣ ሳላማክራት፣ አባቴ እንዳለው አደረግኩት። ሲያልቅ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ጠራኋት።

"ጆሮው ወጣ ያለ ነው" አለች።

ክው አልኩ።

"ወንድሜ ልክ ነበር። ረስቼው ነው።"

"እሱ ነው?" ስል ጠየቅኳት። ያን ክረምት ሁሉ ልጠይቀው የፈራሁት ጥያቄ እሱ ነበር።

ራሷን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ እያዘነበለች አየችው። "የእሱ የቅርብ ዘመድ ይመስላል" አለች። "ግድ የለም፤ ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ እሞላዋለሁ።"

ነሐሴ ሲያልቅ ጉልበቷ ተሻላትና እስከ ገሱባ ሸኘኋት። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪናው ሲንገጫገጭ ሥዕሉን በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። ቤቷ ስንደርስ ታናሽ ልጇ ከነሚስቱና ከነልጆቹ ወጣ። ወንድሙ ሲወሰድ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ሥዕሉን ብዙ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"እኔ ፊቱን አላስታውሰውም" አለ። "ሁልጊዜ ትከሻው ላይ ነበር የሚያስቀምጠኝ። የማውቀው አናቱን ነው። እዚህ ጋ ፀጉሩ ይዞር ነበር" ብሎ የራሱን አናት አሳየኝ።

እናቱ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። በማግስቱ የዕለቱ ሥራዬ እሱ ሆነ፤ ከላይ የታየ የአንድ ወጣት አናት፣ ሁለት ትናንሽ እጆች ፀጉሩን ይዘው። ታናሹ ያንን ወስዶ ከራሱ አልጋ በላይ ሰቀለው።

ወደ ሶዶ ልመለስ በነበረበት ዋዜማ ትኩስ ሙጩዋ፣ የእንሰት ምግባችንን፣ በሚያቃጥል ዳጣ በልተን እንደጨረስን አክስቴ ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዳ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ይህ ልጅ ነው" አለች። "የእኔ ልጅ እስካሁን ልጅ ሆኖ አይኖርም። ከታናሹ አንሶ እንዴት ይሆናል? እስቲ አሳድጊልኝ።"

እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም። አዲስ ወረቀት አወጣሁ። ታናሹን እጁን ጎትታ ፊት ለፊቴ አስቀመጠችው፤ ከእሱ እየተነሣን ዓመት ጨመርንበት። "ጢም አውጥቷል። አባታቸው ፀጉሩ ቶሎ ነበር የሳሳው፤ እዚህ ጋ ቀንሺለት።" ታናሹ፣ ወፍሮም ሊሆን ይችላል አለ። ሚስቱ፣ ወታደር የነበረ ሰው አይወፍርም ብላ ተከራከረችው። ልጆቹ አጎታቸው ጥርስ ይኖረው እንደሆነ ጠየቁ። በወረቀቱ ላይ ማናችንም አይተነው የማናውቅ ሰው ቀስ በቀስ ብቅ አለ፤ ጎልማሳ፣ ትንሽ የደከመው፣ ደህና ሰው።

ረቂቁ አልቆ ፊቱን በንጹሕ ወረቀት መሐል ላይ ልገለብጠው ስል አክስቴ እጄን ያዘችው።

"ወደዚህ ጠጋ አድርጊው" አለችኝ። "ሚስት አግብቶ ይሆናል። እሷን አላውቃትም፤ ቦታ ተይላት።"