ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው

የልብስ ሳሙና ሽታ ከሞቀ ውሃ ላይ ሲነሳ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ልጆቼ “ምነው እማዬ?” ሲሉኝ “እንፋሎቱ ነው” እላለሁ። እንፋሎቱ አይደለም። የባሌ አባት ትዝ ብለውኝ ነው።

ያኔ ቆላው ሲቀላ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ቤት ያለኝ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሲወሰድ፣ ከደጋው ጨንቻ የወረዱት ሽማግሌ አባቱ እኔ እጅ ላይ ቀሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሸማ ሲሠሩ የኖሩ ሰው፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ውለዋል። በዚያ ሙቀት እንኳ ጋቢያቸውን ከላያቸው አያወርዱም። የሚያጥባቸው ጎረቤታችን ሥራ አግኝቶ ወደ ጫኖ ሲሄድ ሌላ ወንድ ጠፋ። ምን ልበልሽ፣ ምራት አማቷን ልታጥብ! ቀና ብላ ፊታቸውን የማታይ ምራት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሳቸው ደግሞ ከእኔ ይብሱ ነበር። መላውን ግን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጮክ ብለው “አባታችን ሆይ” ይጀምራሉ። ቀጥለው “እመቤታችን ማርያም ሆይ” ይላሉ። “ጨርሻለሁ አባባ” እስክላቸው ድረስ ደጋግመው ነው። እኔ ጣራውን እያየሁ በዳበሳ አጥባለሁ። ጸሎቱ መጋረጃችን ነበር።

እኔ ጴንጤ ነኝ። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየቤቱ በሹክሹክታ የምንጸልይበት ዘመን ነበር። በእኛ ዘንድ ማርያምን መለመን የለም። እሳቸው ሲጠሯት እንዳልሰማ በልቤ እዘምር ነበር።

አንድ ቀን ጸሎቱ ጠፋባቸው። “የዕለት እንጀራችንን…” አሉና ቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ ያው እዚያው ላይ ቆሙ። እጄ ጀርባቸው ላይ እንዳለ፣ ምን እያደረግን እንደሆነ ለሁለታችንም ታወቀን። ጋቢውን ጎትተው ተሸፈኑና “በቃ፣ ተወው ልጄ” አሉኝ። ጋሞኛ ነው የአፍ መፍቻቸው፤ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም “አንተ” ነበር የሚሉት።

ከዚያ ወዲያ አልታጠብም አሉ። ብለምን ባስለምን፣ እምቢ። ጀርባቸው መላጥ ጀመረ፤ ቤቱ መሽተት ጀመረ። ልጃቸው ሲመለስ ምን ብዬ ነው የማስረክበው? ጨነቀኝ።

አንድ ጠዋት ውሃውን አሙቄ ገባሁና እኔው ራሴ ጮክ ብዬ “አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር” አልኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። እያጠብኩ “አሜን” ላይ ደረስኩና ዝም አልኩ። ጠበቁኝ። ከዚያ በቀስታ፣

“እናቲቱን ተውካት እኮ ልጄ። እናት በሌለችበት እንዴት ራቁቴን እሆናለሁ?”

እሷንም አልኳት። ስሰማው ከርሜ ለካ አንዲት ቃል አልጠፋችኝም። ትከሻቸው ለቀቅ ሲል በእጄ ተሰማኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ እላለሁ፣ እሳቸው “አሜን” ይላሉ። ለእምነት እህቶቼ ትንፍሽ አላልኩም። ለጸሎት ስንሰበሰብ ግን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ያረፉ ዕለት የዕድር ወንዶች አጥበው ሊገንዟቸው ገቡ። “አንቺ ውጪ” ተባልኩ። ደጅ ላይ የእምነት እህቶቼ ከበቡኝ። ከውስጥ ውሃ ሲፈስ ይሰማል፤ አንድም ሰው ቃል አይናገርም። አላስቻለኝም። “አባታችን ሆይ” አልኩ። እህቶችም አብረውኝ አሉ። “አሜን” ብለው ሲያበቁ እኔ ቀጠልኩ።

“እመቤታችን ማርያም ሆይ…”

አጠገቤ ያለችው እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሳች። ሌላዋ “ኧረ በኢየሱስ ስም! ምን ሆነች?” አለች። አፈርኩ፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ከነጠላው ስር ግን፣ ወንዶቹ “ጨርሰናል” እስኪሉ ድረስ አላቋረጥኩም።